ለንደን ላይ ኤግዚቢሽንና የባህል ዝግጅት ማየት፦ ከቲኬቱ እስከ መቅደላ ቅርሶች

ለንደን ውስጥ ትልልቆቹ ብሔራዊ ሙዚየሞች ቋሚ ስብስባቸውን በነፃ ያሳያሉ። ቀድሞ ያስከፍሉ የነበሩትም ከዲሴምበር 2001 ጀምሮ የመግቢያ ዋጋቸውን አንስተዋል። ስለዚህ እዚያ ከተማ ጎብኚ የሚከስረው በጊዜው ነው። በአንድ ቀን ሦስት ሙዚየም አዳርሳለሁ ብሎ የወጣ ሰው ማታ ላይ የሚያስታውሰው ሰልፉን፣ ደረጃውንና የእግሩን ሕመም ነው። ይህ መመሪያ በቀን አንድ ትልቅ ሙዚየም፣ ቢበዛ አንድ ትንሽ ጋለሪ ጨምሮ፣ ረጋ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ሰዓት። እዚህ የተጻፈው ሰዓት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱና ወሩ ግን እንደ አውሮፓውያን። ቲኬት ላይ 14:30 ተብሎ የታተመው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ከዘመድ ጋር በስልክ ሲቀጣጠሩ «ሁለት ሰዓት ተኩል» ብቻ ብለው አይዝጉ፤ የፈረንጁን ነው የሀበሻውን? በዚህ ምክንያት የተቃጠለ ቲኬት ጥቂት አይደለም፤ ሰዓት የተቆረጠለት ቲኬት ደግሞ ካለፈ አለፈ ነው።

፩. መጀመሪያ ወረቀቱ

የሼንገን ቪዛ ለንደን አያስገባም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ጀርመን፣ ጣሊያን ወይም ዱባይ የሚኖር ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም የብሪታንያ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚጓዝም እንዲሁ። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ቀን ቢበዛ 3 ወር ሲቀር ነው፤ ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ 3 ሳምንት ያህል ይወስዳል። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት የያዘ ቪዛ አይጠየቅም፤ ግን ፓስፖርቱ የአየርላንድ ካልሆነ በቀር ከመሳፈሩ በፊት ኢ ቲ ኤ የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ በኢንተርኔት ማውጣት አለበት። ገንዘብ የማይመለስበትን የኤግዚቢሽን ቲኬት ቪዛው እጅዎ ሳይገባ አይግዙ።

፪. ወቅቱን መምረጥ

ሙዚየሞቹ ዓመቱን ሙሉ አሉ፤ ከዲሴምበር 24 እስከ 26 ግን አብዛኞቹ ዝግ ናቸው። ወቅት የሚወስነው ዝግጅቶቹን ነው።

በጁን የሮያል አካዳሚ የበጋ ኤግዚቢሽን ይከፈታል። ከ1769 ጀምሮ አንድም ዓመት ሳይቋረጥ የቀጠለ ነው። ማንኛውም ሠዓሊ ሥራውን ልኮ መወዳደር ስለሚችል የታዋቂው ሥዕል ከማይታወቀው ጎን ለጎን፣ ግድግዳው እስኪሞላ ተጠጋግቶ ይሰቀላል። ብዙዎቹ ሥራዎች የሚሸጡ ናቸው። ከሥሩ የተለጠፉት ትንንሽ ቀይ ነጥቦች የተሸጠውን ያመለክታሉ፤ በአንድ የኅትመት ሥዕል ሥር አሥር ቀይ ነጥብ ካዩ አሥር ቅጂ ተሸጧል ማለት ነው። መግቢያው በክፍያ ነው።

በዚያው ወቅት ኬንሲንግተን ጋርደንስ መናፈሻ ውስጥ ሰርፐንታይን ጋለሪ በየበጋው በሌላ አርክቴክት ድንኳን መሰል ሕንፃ ያሠራል፤ ልማዱ በ2000 የተጀመረ ሲሆን መግቢያው ነፃ ነው። ከጁላይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ ፕሮምስ የሚባለው የክላሲካል ሙዚቃ ፌስቲቫል አለ። መቀመጫው ውድ ነው፤ ነገር ግን ለቆመው ተመልካች በዕለቱ ጠዋት በኢንተርኔት የሚሸጥ ርካሽ ቲኬት አለ። መድረኩ ፊት ለፊት ያለው ባዶ ወለል የቋሚዎቹ ስለሆነ በዚያ ዋጋ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ሁለት ሰዓት ለመቆም የሚመች ጫማ ያድርጉ።

ኖቲንግ ሂል ካርኒቫል በኦገስት መጨረሻ ባለው እሑድና ሰኞ ይካሄዳል። የካሪቢያን ማኅበረሰብ የፈጠረው የአደባባይ በዓል ነው። ልጅ ይዞ የሚሄድ እሑድን ይምረጥ፤ ቀኑ ለቤተሰብ የታሰበ ነው። አካባቢው ያሉ አንዳንድ የባቡር ጣቢያዎች ይዘጋሉ፣ አንዳንዶቹ ለመውጫ ብቻ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ሲመለሱ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ በእግር ራቅ ብሎ ወደሚገኝ ጣቢያ ለመሄድ ይዘጋጁ። በሴፕቴምበር ኦፕን ሃውስ የሚባለው ፌስቲቫል በሌላ ጊዜ ለሕዝብ የማይከፈቱ ሕንፃዎችን በነፃ ያስጎበኛል።

ለዘመናዊ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ የሚመጣ ሰው ግን ኦክቶበር አጋማሽን ይያዝ። በዚያ ሳምንት ሪጀንትስ ፓርክ ውስጥ ፍሪዝ የሚባለው ታላቅ የጥበብ ገበያ፣ ሰመርሴት ሃውስ ውስጥ ደግሞ «1-54» ይካሄዳሉ። የሁለተኛው ስም የመጣው ከ54ቱ የአፍሪካ አገሮች ነው፤ የተጀመረውም በ2013 ነው። ሁለቱም በቲኬት ናቸው። የፍሪዝ ቲኬት ውድ ሆኖ ካገኙት ግን መናፈሻው ውስጥ በነፃ የሚታየው የቅርጻ ቅርጽ ኤግዚቢሽኑ ይቀርልዎታል፤ ከገበያው በፊት ይከፈታል፣ ከገበያውም በኋላ ይቆያል። የኦክቶበር የመጨረሻ ሳምንት ገደማ ትምህርት ቤቶች አጭር ዕረፍት ስለሚወጡ ሙዚየሞቹ በልጆች ይጨናነቃሉ።

፫. ቲኬት አያያዝ

ቋሚው ስብስብ ነፃ ቢሆንም ሰዓት የተቆረጠለት ነፃ ቲኬት በሙዚየሙ ድረ ገጽ ቀድሞ መያዝ ይጠቅማል፤ በተለይ ብሪቲሽ ሙዚየም ሲጨናነቅ ቲኬት የያዘ ቀድሞ ይገባል። እዚህ ላይ የሚያስከፋው ነገር፣ ነፃ የሆነውን መግቢያ «ያለ ሰልፍ» በሚል ስም የሚሸጡ ድረ ገጾች መኖራቸው ነው። ከሙዚየሙ ከራሱ ገጽ ውጭ ከየትም አይግዙ።

ልዩ ኤግዚቢሽኖች በክፍያ ናቸው፤ ትልልቆቹ ከ15 እስከ 25 ፓውንድ አካባቢ ይጠይቃሉ። የታዋቂ ሠዓሊ ኤግዚቢሽን የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ቲኬት አስቀድሞ ያልቃል፣ ክፍሉም ይጨናነቃል። ከተከፈተ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ፣ በሳምንቱ መካከል፣ የዕለቱን የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ሰዓት ይያዙ።

ሲከፍሉ ሁለት ዋጋ ያያሉ፤ አንዱ መዋጮ የተጨመረበት፣ ሌላው ያልተጨመረበት። ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተመርጦ የሚጠብቅዎት መዋጮ ያለበት ነው፤ መስጠት ግዴታ አይደለም። ሙዚየሙ በመዋጮው ላይ ከመንግሥት ግብር እንዲመለስለት የሚያደርገው «ጊፍት ኤይድ» የሚለው ምልክትም ብሪታንያ ውስጥ ግብር ለሚከፍል ሰው ብቻ ነው፤ ከውጭ የመጣ ጎብኚ ይለፈው። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 25 የሆኑ ወጣቶች በቴት ሙዚየሞች «ቴት ኮሌክቲቭ» ላይ በነፃ ተመዝግበው ኤግዚቢሽኖችን በ5 ፓውንድ ያያሉ፤ እንግሊዝ ውስጥ መኖር አይጠበቅባቸውም።

፬. ቦርሳና መጓጓዣ

ሻንጣ ይዘው ወደ ሙዚየም አይሂዱ፤ ጎማ ያለው ሻንጣ ብሪቲሽ ሙዚየም አያስገባም። የበረራ ቀን ከሆነ ሻንጣውን ሆቴል ወይም የባቡር ጣቢያ ማስቀመጫ ይተዉት። ናሽናል ጋለሪ በሥዕሎች ላይ ከደረሱ ጥቃቶች በኋላ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ፈሳሽ ማስገባት ከልክሏል፤ የሕፃን ወተትና የታዘዘ መድኃኒት ብቻ ይፈቀዳል። የውኃ ኮዳዎን ባዶ ያድርጉት። የጀርባ ቦርሳ የያዘ ወደ ፊት አዙሮ እንዲይዘው ይጠየቃል፤ ይህም ሰው ዞር ሲል ቦርሳው ሥዕል እንዳይነካ ነው። ያለ ፍላሽ ፎቶ ማንሳት በቋሚ ስብስቦች ይፈቀዳል፤ በልዩ ኤግዚቢሽን ግን በሩ ላይ ያለውን ምልክት ይዩ።

ለባቡርና ለአውቶቡስ የባንክ ካርድ ወይም ስልክ ማስነካት ይበቃል። ከመሬት በታች ባለው ባቡር ሲገቡም ሲወጡም ያስነኩ፤ አውቶቡስ ላይ ሲሳፈሩ ብቻ። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው፤ ጠዋት በስልክ አስነክቶ ሲወጣ በካርዱ ያስነካል። ሂሳቡ አንድ ቢሆንም ማሽኑ ሁለት የተለያየ ተሳፋሪ ስለሚመስለው ለሁለቱም ያልተሟላ ጉዞ ከፍተኛውን ዋጋ ይቆርጣል፣ በቀን ከዚህ በላይ አይከፈልም የሚባለው የዋጋ ጣሪያም አይቆጠርልዎትም። ቀኑን ሙሉ በአንዱ ይዝለቁ። አውቶቡስ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም።

፭. አንድ ሙዚየም፣ አምስት ሥዕል

ናሽናል ጋለሪን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ነው፤ በየቀኑ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ አርብ እስከ ማታ 3 ሰዓት ክፍት ነው። ከመሄድዎ በፊት በድረ ገጹ አምስት ሥዕል ይምረጡ፤ ያሉበትን የክፍል ቁጥርም በዚያው ዕለት ጠዋት ይጻፉ። ሥዕሎች ለእድሳት ወይም በውሰት ስለሚነሱ የቆየ መጽሐፍ ላይ ያለ ቁጥር ያሳስታል። ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ይስጡ። መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ከዚያ ከጎኑ ያለውን ጽሑፍ፣ ከዚያ እንደገና ሥዕሉን ይዩ። ጽሑፉን ያስቀደመ ሰው ሥዕሉ ላይ የሚያየው የተነገረውን ብቻ ነው።

ለጀማሪ አንደኛው የሆልባይን «አምባሳደሮቹ» ይሁን፤ የ1533 ሥራ ነው፣ ቁመቱም ስፋቱም ከ2 ሜትር በላይ። ሁለት ባለጸጎች መደርደሪያ ተደግፈው ቆመዋል፤ መደርደሪያው ላይ የሰማይና የምድር ሉል፣ የሂሳብ መሣሪያና ሉት የሚባል ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያ አለ። ጠጋ ብለው አውታሮቹን ይቁጠሩ፤ አንዱ ተበጥሷል። ላይኛው የግራ ጥግ ላይ ደግሞ ከአረንጓዴው መጋረጃ ጀርባ ግማሹ የተሸፈነ ስቅለት አለ። ከእግራቸው ሥር ያለችው የተንጋደደች ግራጫ ነገር ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ምንም አትመስልም። አሁን ወደ ሥዕሉ ቀኝ ጫፍ ይሂዱ፣ ግድግዳውን ሳይነኩ ተጠግተው ወደ ግራ ወደ ታች ይመልከቱ። የሰው ራስ ቅል ሆና ትታያለች። አጠገብዎ ሰው ካለ ተራ ይጠብቁ፤ በትክክል የምትታይበት ቦታ አንድ ሰው የሚያቆም ነው።

ሁለተኛው የቫን ኤይክ «አርኖልፊኒ» ነው፤ 1434። ባልና ሚስት ከሚመስሉት ሰዎች ጀርባ ግድግዳው ላይ ክብ መስታወት አለ፤ መስታወቱ ውስጥ የጥንዶቹ ጀርባና በር ላይ የቆሙ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይታያሉ። ከመስታወቱ በላይ በላቲን «ያን ቫን ኤይክ እዚህ ነበር» የሚል ጽሑፍ አለ። ሥዕሉ ትንሽ ስለሆነ ሕዝብ ከበዛ አይታይም፤ በሩ እንደተከፈተ መጀመሪያ እሱ ጋ ይሂዱ። ቀሪዎቹ ሦስቱ የዳቪንቺ «የድንጋዮቹ ድንግል»፣ የተርነር «ቴሜሬር» መርከብና የቫን ጎግ «የሱፍ አበባዎች» ቢሆኑ ከ15ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ያለውን በአንድ ጉብኝት ያያሉ። ከዚያ ይውጡ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ዓይን ያያል እንጂ አይቀበልም።

ቴት ሞደርን አሠራሩ ሌላ ነው። የቀድሞ የኃይል ማመንጫ ሲሆን በሜይ 2000 ተከፈተ። ተርባይን ሆል የሚባለው አዳራሽ ርዝመቱ 155 ሜትር፣ ከፍታው 35 ሜትር ነው፤ ከመኸር ጀምሮ ለአንድ አርቲስት ብቻ ይሰጣል፣ መግቢያው ነፃ ነው። ጋናዊው ኤል አናትሱይ በኦክቶበር 2023 ከጠርሙስ ቆርኪ የተሠሩ ግዙፍ መጋረጃዎች የሰቀለው እዚህ ነበር። መጀመሪያ ከታች፣ ከዚያ አዳራሹን ከሚያቋርጠው ድልድይ ላይ ሆነው ይዩት።

፮. የአርብ ምሽት

ሠራተኛ ለሆነ ወይም ለጥቂት ቀን ለመጣ ሰው ከሁሉ የሚሻለው አርብ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም እስከ ማታ 2 ሰዓት ተኩል፣ ናሽናል ጋለሪ እስከ 3 ሰዓት፣ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም እስከ 4 ሰዓት ይቆያሉ። ከ11 ሰዓት በኋላ የትምህርት ቤትና የአውቶቡስ ቡድኖች ስለሚሄዱ ክፍሎቹ ይላቀቃሉ። ሁለቱን ብቻ ያጣምሩ፤ ከብሪቲሽ ሙዚየም እስከ ናሽናል ጋለሪ በእግር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ከናሽናል ጋለሪ ወደ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ለመሄድ ደግሞ ሌስተር ስኩዌር ላይ የፒካዲሊን መስመር ይዘው ሳውዝ ኬንሲንግተን ይውረዱ፤ ከጣቢያው እስከ ሙዚየሙ የሚወስድ የውስጥ ዋሻ ስላለ ዝናብ አያገኝዎትም። አርብን የሚጾም ሰው ካፌዎቹ ውስጥ «ቪጋን» የሚለውን ምልክት ይፈልግ፤ «ቬጀቴሪያን» የሚለው እንቁላልና አይብ ሊኖረው ይችላል።

፯. የግል ጋለሪዎች

ብዙ ሰው በር መደወሉ አስፈርቶት የሚያልፋቸው የሜይፌር ጋለሪዎች፣ ለምሳሌ ኮርክ ጎዳና ላይ ያሉት፣ መግቢያቸው ነፃ ነው። ደውለው ይግቡ፤ ግዛ የሚል የለም። ጠረጴዛው ላይ ስለ ኤግዚቢሽኑ የተጻፈ ወረቀት አለ፣ አንዱን ይውሰዱ። አብዛኞቹ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ስለሚሠሩ እሑድና ሰኞ አይሞክሩ። በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ለንደን ላይ ሥራዎቿን የምታሳየው ኋይት ኪዩብ በተባለው ጋለሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ2016 የተቋቋመው አዲስ ፋይን አርትም በ2021 ለንደን ላይ ጋለሪ ከፍቷል። ወቅታዊ ፕሮግራማቸውን አይተው ቀን ያመቻቹ፤ በሁለት ኤግዚቢሽን መካከል ጋለሪ ለሳምንት ሊዘጋ ይችላል።

፰. የመቅደላን ቅርሶች ፍለጋ

ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ለንደን ሲደርስ ይህን ሳይጠይቅ አይመለስም፤ ብዙው ሰው ግን የሄደበትን ሳያይ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ቅርሶቹ ተበታትነዋል፣ አብዛኞቹም መጋዘን ውስጥ ናቸው። በኤፕሪል 1868 ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የጫነው ንብረት በዝሆንና በበቅሎ ተጓጉዞ በኋላ በየሙዚየሙ፣ በየቤተ መጻሕፍቱና በየግለሰቡ እጅ ገብቷል።

ከመሄድዎ በፊት በየሙዚየሙ የስብስብ መፈለጊያ ላይ ይፈልጉ። መቅደላ በላቲን ፊደል አንዳንዴ በ«ኪው»፣ አንዳንዴ በ«ጂ» ይጻፋል፤ ሁለቱንም ይሞክሩ፣ «አቢሲኒያ» የሚለውንም ይጨምሩ። ውጤቱ ላይ «ኦን ዲስፕሌይ» ካለ ከጎኑ የክፍሉን ቁጥር ይጽፋሉ፤ «ስቶር» የሚል ካለ ግን መጋዘን ነው፣ ሄደው አያገኙትም።

ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ከመቅደላ የተወሰደ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ አለው። ዘውዱ ከእቴጌ ምንትዋብና ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ጋር የሚያያዝ የጎንደር ዘመን ሥራ ነው። ሲያዩት ዙሪያውን ይዙሩ፤ የወንጌላውያንና የሐዋርያት ምስል ተቀርጾበታል፣ በመካከሉ ያለው ሥራ እንደ ጥልፍ የተፈተለ ቀጭን የወርቅ ሽቦ ነው። ኢትዮጵያ ቅርሶቹ እንዲመለሱ ጠይቃለች፤ ሙዚየሙ በ2018 በረጅም ጊዜ ውሰት ለመስጠት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የውሰት ቃል የራስን ንብረት ለሚጠይቅ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ እዚያ መስታወት ፊት የቆመ ይረዳዋል።

ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ የኢትዮጵያ ክፍል ላይኛው ፎቅ 66 ቁጥር ሲሆን ከግብፅ ቅብጦች ጋር የተጋራ ትንሽ ክፍል ነው፤ የተቀረው አፍሪካ ምድር ቤት 25 ቁጥር ነው። ሙዚየሙ የያዛቸው 11 ታቦታት ለዕይታ አይቀርቡም። በታሸገ ክፍል ተቀምጠዋል፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎችም አያዩአቸውም። ስለዚህ ለማየት መጠየቅ ዋጋ የለውም።

የመቅደላ ብራናዎች፣ 350 ያህል፣ ያሉት ሴንት ፓንክራስ አጠገብ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ነፃው የከበሩ መጻሕፍት ማሳያ ክፍል ውስጥ የሚታየው ይለዋወጣል። ለጥናት ማየት የሚፈልግ የአንባቢ መታወቂያ ማውጣት አለበት፤ ፓስፖርትና የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ ይያዙ። ንባብ ክፍል የሚገባው እርሳስ ብቻ ነው፣ እስክሪብቶ አይፈቀድም። በኦክቶበር 2023 የሳይበር ጥቃት አገልግሎቱን አጓጉሎት ስለነበር የሚፈልጉትን ብራና ቁጥር ጠቅሰው በኢሜይል አስቀድመው ይጠይቁ። ዲጂታል ቅጂ ያለው ከሆነ ዋናውን ላይሰጡ ይችላሉ።

በሜይ 2025 ምሥራቅ ለንደን የተከፈተው የቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት መጋዘን፣ ስቶርሃውስ፣ ይህን ችግር በከፊል ይፈታል። ማንም ሰው ከመጋዘኑ እስከ 5 ዕቃ መርጦ፣ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ አዝዞ፣ በነፃ ቀርቦ ማየት ይችላል። የተሰበረ ወይም ሊነሳ የማይችል ዕቃ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ተለዋጭ ይምረጡ።

የመጨረሻው ከለንደን ወጣ ያለ ነው። ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመታቸው አርፈው የተቀበሩት ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። ከፓዲንግተን ጣቢያ ስላው ላይ ባቡር ለውጠው ዊንዘር ይወርዳሉ። ጸሎት ቤቱ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ስለሆነ የሚጎበኘው በቤተ መንግሥቱ ቲኬት ነው፤ እሑድ ለጎብኚ ዝግ ሲሆን ቤተ መንግሥቱም በሳምንት ሁለት ቀን ይዘጋል፤ ድረ ገጹ ላይ ቀኑን አይተው ይግዙ። መቃብሩ ራሱ አይታይም። ንግሥት ቪክቶሪያ ያስቀመጠችውን የናስ ሰሌዳ ግን ያገኛሉ፤ ካላገኙት «አለማዩ» ብለው ዘበኞቹን ይጠይቁ፣ ስሙ እንዲያ ነው የተቀረጸው። ከሥሩ ያለው ጥቅስ ከማቴዎስ ወንጌል ነው፦ እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል።